እትዬ ገመድና ግራኝ ምራታቸው

እትዬ ገመድን በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራ ሰው ካለ፣ ወረቀት ይዞ ከመሥሪያ ቤት የመጣ እንግዳ ነው። መንደሩ የሚያውቃቸው በሥራቸው ነው። በመኸር ሳምንት መዝጊያ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የላይ ሠፈርና የታች ሠፈር ሰው ሜዳው ላይ ተሰልፎ የሚጓተትበትን ገመድ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ከሃያ አራቱ አንዱም ተበጥሶ አያውቅም። ይህን ማንም እንዳይረሳው ደግሞ በሰርግም በለቅሶም ያስታውሳሉ። ትሕትና በደጃቸው አላለፈችም ብል አላማኋቸውም፤ ራሳቸውም "ምን ላድርግ፣ እጄ ነው እኮ ያጠገበኝ" ይላሉ።

ገመዱ ከቃጫ ነው የሚሠራው። ሳምንቱ ከመግባቱ በፊት ባለው ቅዳሜ እያንዳንዱ ቤት አንድ እስር ቃጫ ያመጣል፤ አንድ ብቻ። አለኝ ብሎ ሁለት ማምጣት ነውር ነው፣ የለኝም ብሎ መቅረትም ያው። እትዬ ገመድ በራፋቸው ላይ ቆመው እስሩን በእጃቸው መዘን መዘን እያደረጉ ይቀበላሉ፤ እግረ መንገዳቸውንም የቤቱን ገበና ይዘከዝካሉ። "ይሄ በደንብ ተበጥሯል፣ እናትሽ ወገቧ ተሽሏታል ማለት ነው።" "ይሄ ደግሞ እርጥብ ነው። እንዲከብድልህ ነው አይደል?" ይህን ሁለተኛውን በየዓመቱ የሚሰማው ባለ ወፍጮው ነበር።

ባለ ወፍጮው የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። መልካም ሰው ነው፣ ነገር ግን አዲስ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ "ከከተማ ናይለን ገመድ አስመጥተን እንገላገል፣ እርስዎም ይረፉ" ሲል ከርሟል። እትዬ ገመድ "ይረፉ" የምትለዋን ቃል ከስድብ አይለዩዋትም። የዘንድሮውን ቃጫ የተረከቡትም እዚያው በራፋቸው ላይ ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ ብለው ነው፦ "ይሄ ገመድ እሁድ ሜዳው ላይ ካልተገኘ፣ ወይ ከተበጠሰ፣ ናይለንህን አምጣ። እኔም ሁለተኛ ቃጫ አልነካም።"

ተናገሩት እንግዲህ። ቃላቸው ደግሞ ቃል ነው።

የገመዱ አሠራር ቀላል ይመስላል። ቃጫው ይነከራል፣ ይበጠራል፣ ከዚያ ጭን ላይ በመዳፍ እየተንከባለለ ይፈተላል። እንዲህ ሆኖ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው ረጅም ፈትል ይወጣል። ስምንት ፈትል ሲሞላ ስምንቱ አንድ ላይ ይገመዳሉ፤ ገመድ ሆነ ማለት ነው። እትዬ ገመድ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ጠዋት አራቱን ፈትለው ግቢው ውስጥ ካለው አጥር ላይ እንዲደርቁ ዘረጓቸው። ከሌላው ዓመት በግማሽ ቀን ቀድመዋል። ይህን ለባላቸው ሦስት ጊዜ ነገሯቸው፤ ባላቸውም ሦስቱንም ጊዜ "ጎሽ" አሉ። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የኖሩ ናቸው፣ መሬት ሥር ከሰው ተለይቶ መዋል ብዙ ማውራትን አስትቷቸዋል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጥፋት መጣ። የመኸር ሳምንት ሰኞ ቤት የሚጸዳበት፣ ግድግዳ ኖራ የሚቀባበት ቀን ነው። ምራታቸው "እኔ እቀባዋለሁ" ብትላቸው "የኔን ግድግዳ እኔ ነኝ የማውቀው" ብለው በርጩማ ላይ ወጡ። በርጩማው አንድ እግሩ አጠር ይላል፤ ይህንንም እሳቸው ያውቁ ነበር። ከነኖራው ባልዲ ተያይዘው ወረዱ። ምራታቸው ከወለሉ ስታነሳቸው ከፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ነጭ ሆነው፣ የቀኝ እጃቸው አንጓ አብጦ እንደ ድንች ተድቦልቡሎ ነበር። ወጌሻው መጣ፣ አሸ፣ ሰበቅ ሰበቅ አደረገ፣ በጨርቅ ጠፍንጎ አሰረና "ወለምታ ነው። ዐሥር ቀን ሥራ የለም" ብሎ ሄደ።

ወሬ እግር አለው፤ ባለ ወፍጮው ከሚወጣው ወጌሻ ጋር በር ላይ ተገናኘ ማለት ይቻላል።

"እግዜር ይማርዎ እትዬ። ቅዳሜ ከከተማ የሚመጣ መኪና አለ፣ ናይለኑን ላስጭነው እንዴ?"

"የታሰረው እጄ ነው፣ ምላሴ አይደለም" አሉት። "ገመዱ እሁድ ይደርሳል አልኩህ።"

"ማን ይሠራዋል?"

እትዬ ገመድ ዞር ብለው አዩ። ምራታቸው የፈሰሰውን ኖራ በጆንያ ጨርቅ እየጠረገች ነበር። ልጅቱ ከገባች ስምንት ወሯ ነው። ባሏ፣ የእትዬ ገመድ ልጅ፣ ከተማ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ዝምተኛ ናት፣ ግራኝ ናት፣ የሠፈር ሴት ሁሉ ፀጉሩን የሚያስጎነጉነው በእሷ ነው። አማቷ ስለ እሷ የሚያውቁት እስከዚህ ነበር።

"እሷ ትሠራዋለች" አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ግቢው ውስጥ ሁለት በርጩማ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እትዬ ገመድ በአንዱ፣ ልጅቱ በሌላው ተቀመጡ። ሃያ አራት ዓመት ሲሠሩ ማንንም አስተምረው አያውቁም፤ ስለዚህ አስተማሪነቱ ቶሎ ተዋሐዳቸው። በታሰረው እጃቸው አየሩን እያንከባለሉ "ከአንቺ ወደ ውጭ ግፊው፣ ወደ ራስሽ አትመልሽው። ቃጫ ሲያልቅብሽ ሳይሳሳ ጨምሪ። አዎ፣ እንዲያ። እኔን እያየሽ" ይሏታል። ልጅቱም እያየቻቸው፣ በግራ መዳፏ በግራ ጭኗ ላይ፣ ልክ እንዳሳዩዋት አደረገች። ትይዩ ተቀምጠው ላያቸው ሰው አንዲት ሴት መስታወት የምታይ ይመስል ነበር። ፈትሉ ጠንካራ፣ እኩል፣ ያለ ቋጠሮ ወጣ። እትዬ ገመድ በደህናው እጃቸው ዳበሱትና አንድ ቃል ተናገሩ፦ "ይሆናል።" እሳቸውን ለሚያውቅ ይህ ሙገሳ ነው።

ሳምንቱ በዚህ መሃል የራሱን መንገድ ይሄዳል። ማክሰኞ ልጆች በየደጁ እየዞሩ ዘፈኑ፣ የእትዬ ገመድን ዶሮዎች አስደንብረው ሁለት ቀን እንቁላል አስከለከሏቸው። ረቡዕ አውድማው ላይ ጭፈራ ነበር፤ የከበሮው ድምፅ ከሩቅ ሲመጣ የልጅቱ እግር ከሥር መታ መታ ሲያደርግ እጇ ግን አልቆመም። ሐሙስ ቤቱ ሁሉ ዳቦ ጋገረ። ልጅቱ ሊጡ እስኪነሳ ትፈትላለች፣ ዳቦው እስኪበስል ትፈትላለች። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስምንተኛው ፈትል አለቀ።

እትዬ ገመድ ደስ አላቸው። ስምንቱን ጫፍ አንድ ላይ አስረው ከግቢው ዛፍ ግንድ ላይ በተመታው የብረት ሜንጦ ላይ ሰቀሉና፣ ባላቸው በሌላው ጫፍ የመገመጃውን ዱላ ይዘው እንዲገምዱ አዘዙ። ዱላው አንድ ዞረ፣ ሁለት ዞረ። አራቱ ፈትል ተጠባብቆ ተቃቀፈ። የቀሩት አራቱ ግን በዞሩ ቁጥር እየላሉ፣ እየተፈቱ፣ ጭራሽ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተንጨፈረሩ።

"አቁም" አሉ ባላቸውን።

ቀረብ ብለው አዩ። የእሳቸው አራት ፈትል ወደ ቀኝ ነው የዞረው፣ የልጅቱ አራት ወደ ግራ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገመዱ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይፈታል። ይህን ገመድ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያለማወቅ መብት ያላት ልጅቱ ብቻ ነበረች፤ የተቆጡት ግን እሷን ነው።

"ምንድን ነው የሠራሽው? ገለበጥሽው እኮ! የሦስት ቀን ሥራ፣ የመንደሩ ቃጫ!"

"እትዬ፣ እንዳሳዩኝ ነው የሠራሁት።"

"እኔ እንዲህ አላሳየሁሽም።"

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። ከዚያ "ዳቦው እንዳያርብኝ" ብላ ማድቤት ገባች። ባላቸው ዱላውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አኖሩና ከግቢው ጀርባ ወደሚቆፍሩት ጉድጓድ ሄዱ።

እትዬ ገመድ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ቃጫ የለም፤ አንድ ቤት አንድ እስር ነው፣ ደግሞ ስጡኝ አይባልም። ፈትቼ ልመልሰው እንዳይሉ፣ ተፈትሎ የደረቀ ቃጫ ሲፈታ ይሰባበራል። ለእሁድ ደግሞ ሁለት ቀን ነው የቀረው። ይህን ሁሉ እያብሰለሰሉ ሳለ ፊት ለፊታቸው ያለውን ባዶ በርጩማ አዩት። ያን ጊዜ ነው የገባቸው። እሳቸውን እናታቸው ስታስተምራቸው ከጎኗ ነበር ያስቀመጠቻቸው፤ ጭን ለጭን፣ ክንድ ለክንድ። ከጎን የተቀመጠ ሰው ግራኝም ይሁን ቀኝ ፈትሉ ወዴት እንደሚዞር ያያል። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ተገልብጦ ነው የሚያየው። ልጅቱን ፊት ለፊት ያስቀመጧት እሳቸው ናቸው። ለምን? ሲያስተምሩ እንዲታዩ ነዋ።

ተነስተው ማድቤት ሄደው ሊነግሯት ፈለጉ፣ እግዜር ያውቃል ፈልገዋል። ግን የሃያ አራት ዓመት ኩራታቸው አላሳልፍ አላቸው። ያን ምሽት ራት ላይ "ዳቦው ጥሩ ነው" አሉ፤ ከዚያ በላይ ሊወጣላቸው አልቻለም።

ዓርብ የፀጉር ቀን ነው። ከጠዋት ጀምሮ የጎረቤት ሴቶች ደጃፉ ላይ ተራ ይዘው ልጅቱ ስትጎነጉን ዋለች። እትዬ ገመድ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ያንን የማይሆን ስምንት ፈትል እንደ ታመመ ሰው ይጠብቁታል። ቀትር ላይ ልጅቱ የመጨረሻዋን ጎረቤት ሸኝታ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና ከፊታቸው ቆመች።

"እትዬ፣ መገመዱ ካልሆነ አይጎነጎንም?"

"ገመድ ፀጉር አይደለም።"

"አይደለም። ግን ስጎነጉን አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ ነው የማስተላልፈው። ቢዟዟሩም አይፈታም። እነዚህም ግማሾቹ የቀኝ ግማሾቹ የግራ ናቸው።"

እትዬ ገመድ አንዱን የቀኝ፣ አንዱን የግራ ፈትል በደህናው እጃቸው ዳበሱ። እንዲህ ያለ ገመድ አይተው አያውቁም። ከአጥሩ ጋ ቆመው የነበሩት ባላቸው ግን መጡና "ከጫፉ ትሞክረው" አሉ። ሁለቱም ሴቶች ዞረው አዩዋቸው፤ በሳምንቱ ውስጥ ከተናገሩት ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር።

ከየፈትሉ ጫፍ ሦስት ሦስት ክንድ ተቆረጠ። ልጅቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ጎነጎነችው፤ የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ፣ ከላይ ከታች፣ ከላይ ከታች። አራት ማዕዘን የሚመስል ወፍራም ገመድ ወጣ። ሰውዬው ተቀብለው ወደ ጉድጓዱ ወሰዱት፣ ትልቁን ባልዲ በድንጋይ ሞልተው አሰሩበትና ወደ ውስጥ ለቀቁት። ሦስቱም አጎንብሰው አዩ። ባልዲው ቀጥ ብሎ ቆመ።

"አይዞርም" አሉ ሰውዬው።

"ምን ማለትህ ነው?"

"አይዞርማ! የተገመደ ገመድ ሸክም ሲሰቀልበት ይዞራል። ሃያ አራት ዓመት በአንቺ ገመድ ታስሬ ጉድጓድ ስወርድ እንደ እንዝርት እየዞርኩ ነው የወረድኩት። ሥር ስደርስ ምሥራቅ የቱ እንደሆነ ይጠፋኛል።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ለአንቺ?" አሉ ባላቸው።

ልጅቱ ሳቋ አመለጣትና በመዳፏ አፏን ያዘች። እትዬ ገመድ ባልዲውን አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ ልጅቱን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩ። "ምን ትገተራላችሁ? ሥራ አለ።"

ዓርብ ከቀትር በኋላና ቅዳሜን ሙሉ ጎነጎኑ። ልጅቱ ከፈትሎቹ ፊት ተቀምጣ ታሻግራለች፣ ሰውዬው የፈትሎቹን ጫፍ ይዘው እንዳይወሳሰቡ ያለያያሉ፣ እትዬ ገመድ በደህናው እጃቸው የተጎነጎነውን እየያዙ "ጠበቅ አድርጊ፣ እዚህ ላልቷል፣ መልሺው" ይላሉ። እዚህ ላይ እውነታቸውን ነበር፤ ገመድ ማጥበቅን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ልጅቱም መልሺው ሲሏት ሳታጉረመርም ትመልሳለች። ሁለቱ በአንድ ገመድ ላይ ጭን ለጭን ተቀምጠው ዋሉ። እትዬ ገመድ አሥር ጊዜ ሊነግሯት አሰቡ፣ አሥር ጊዜ "ያቺን ጫፍ አቀብይኝ" ብለው ተዉት።

ቅዳሜ ወደ ማታ ባለ ወፍጮው መጣ። ከከተማ ከመጣው የእትዬ ገመድ ልጅ ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ ወደ ግቢው ዘለቀ።

"ይሄ ገመድ ነው ሹሩባ?"

"ነገ ጎትተህ ንገረኝ።"

"ናይለኑ መጥቷል እኮ እትዬ። ለማንኛውም ሜዳው ላይ ይዤው እመጣለሁ።"

"አምጣው። አህያህን ታስርበታለህ።"

እሁድ ሜዳው ጠጠር ቢጥሉበት መሬት የማይነካበት ሆነ። ሃያ አምስት ሰው ከላይ፣ ሃያ አምስት ሰው ከታች ተሰለፈ። ገመዱ ሲዘረጋ ጉርምርምታ ተነሳ። አንዷ "ምንድን ነው ይሄ?" አለች፣ አንዱ "እትዬ ገመድ አረጁ" አለ። እትዬ ገመድ ሰሙት። ቀጥ ብለው እንደቆሙ የነጠላቸውን ጫፍ በደህናው እጃቸው ጨበጡት። ዛሬ ፈርተዋል፤ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ገመዳቸው ሲጎተት አንድም ጊዜ ፈርተው አያውቁም ነበር።

ፊሽካ ተነፋ። ገመዱ ተወጠረ፣ አንድ ጊዜ ሲጥ አለና ጸጥ አለ። የድሮው ገመድ ሲወጠር እጅ ውስጥ ይሽከረከር ነበር፣ መዳፍ ይልጥ ነበር፤ በዚያ ምክንያት ጉተታው ቶሎ ነበር የሚያልቀው። ይሄ ግን የያዙት ቦታ ላይ እንደተያዘ ቀረ። ስለዚህ ሰው አልለቀቀም። የላዮቹ አንድ እርምጃ ወሰዱ፣ የታቾቹ መለሱት። ደም ሥር ተገታተረ፣ ሴቶች እልል አሉ፣ ሽማግሌዎች ከተቀመጡበት ተነሱ። እንዲህ ያለ ረጅም ጉተታ የሚያስታውስ አልነበረም። በመጨረሻ የታቾቹ ተረከዛቸውን ቀብረው አንድ ጊዜ ሲስቡ የላይ ሠፈር እንዳለ ተንከባለለ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ከፊት የቆመው ባለ ወፍጮው። ገመዱ አንድ ክር እንኳ አልተነሳበትም።

ባለ ወፍጮው አቧራውን እያራገፈ ተነሳ። ብዬ ነበር፣ መልካም ሰው ነው። መሃል ሜዳ ቆሞ እጁን አነሳ።

"እንግዲህ እኔ ተሸንፌያለሁ፣ በገመዱም በጉተታውም። እትዬ ገመድ በዚህ ዕድሜያቸው፣ እጃቸው ታስሮ እንኳ፣ አዲስ ጥበብ አወጡልን። አጨብጭቡላቸው!"

ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። እትዬ ገመድ መሃል ገቡ። ዝም ብለው እጅ ነስተው ቢመለሱ ማንም ምንም አይልም፤ ስማቸው ከዚያች ቀን በኋላ እጥፍ ይሆን ነበር። ምራታቸው ከሜዳው ዳር ከባሏ አጠገብ ቆማ እንደ ሁሉም ሰው ታጨበጭባለች።

"በቃ፣ ዝም በሉ" አሉ እትዬ ገመድ። "ይሄ የኔ ጥበብ አይደለም። ማስተማር ሳላውቅ አስተምራለሁ ብዬ ልጅቱን ፊት ለፊት አስቀመጥኳት። ፈትሉ ተገለበጠ። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ ተቆጣኋት። ገመዱን ያዳነችው እሷ ናት፣ መጎንጎኑም የእሷ ሐሳብ ነው። እኔ ከሐሙስ ጀምሮ ይህን እያወቅሁ ዝም ብያለሁ።"

ድምፃቸው በራፋቸው ላይ ቃጫ ሲረከቡ የሚናገሩበት ያው ድምፅ ነው። ከዚያ ጭብጨባውን ሳይጠብቁ ሰዉን ከፍለው ወደ ሜዳው ዳር ሄዱና ከምራታቸው ፊት ቆሙ።

"አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ።"

"አውቃለሁ እትዬ።"

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"ፊት ለፊት እንዳስቀመጡኝ። ሐሙስ ዕለት ማድቤት ገብቼ ዳቦውን ስገለብጥ ነው የገባኝ።"

እትዬ ገመድ ልጅቱን ትኩር ብለው አዩዋት። ያን ሁሉ ሰዓት ይህን እያወቀች አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር፣ መልሺው ሲሏት እየመለሰች።

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"እርስዎ እንዲነግሩኝ ነዋ።"

"ባልነግርሽስ ኖሮ?"

"ገመዱንማ እጨርስልዎ ነበር። እርስዎ ቤት ግን እስከ መጨረሻው እንግዳ ሆኜ እኖር ነበር።"

እትዬ ገመድ ወደ ልጅቱ አንድ እርምጃ ቀረቡ። ደህናውን እጃቸውን ሰጧት፤ ልጅቱም በግራ እጇ ያዘችው።